ጋሽ ደምሴ ዘፈን ሰረቁ ተባሉ

ካናዳ ውስጥ ሰው ሲያስፈራራችሁ እንኳ አመስግኖ ነው። አገር ቤት የሚያስፈራራ ሰው ዓይኑን ያፈጣል፣ ጣቱን ይቀስራል፣ ቢያንስ ቢያንስ «ቆይ ብቻ!» ይላል፤ መደንገጥ ያለባችሁ መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህ ግን «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ሌባ መሆናችሁን ያስታውቃል፣ ከዚያም መልካም ቀን ተመኝቶ ይሰናበታል። ቶሮንቶ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ከእንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ የትኛው የምር እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ እንዲሁ እንደሚያልፍ መለየት አሁንም ይቸግረኛል። እናንተ ከቻላችሁ እሰየው።

ሌላም ችግር አለብን። እኛ መከሰስ አንችልበትም። የሌላው አገር ሰው ሲከሰስ ጠበቃው እስኪመጣ አፉን ይዘጋል፤ እኛ ሽማግሌ እንሰበስባለን። ጥፋቱን ብንሠራውም ባንሠራውም፣ የተቀየመ ሰው ካለ ሄዶ መለመን ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ የከሰረ የለም ተብለን ነው ያደግነው። ይህ ነገር ከኢንተርኔት ጋር እንደማይሄድ ያየሁት በጎረቤቴ በጋሽ ደምሴ ነው።

ጋሽ ደምሴ ዌስተን ሰፈር በሚገኘው ሕንጻችን ከእኔ በር ትይዩ ነው የሚኖሩት። በሱዳን በኩል ከመጡት ከድሮዎቹ ስደተኞች ናቸው፤ ሆቴል ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ለብዙ ዘመን ብቻቸውን ቆዩና፣ አገር ቤት ሄደው ወይዘሮ እቴነሽን አገቡ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው እቴነሽን ስፖንሰር አድርገው የኢሚግሬሽንን መልስ በሚጠብቁበት ሰሞን ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም። መኪና ድርሽ በማይልበት መንገድ ላይ እንኳ ቀዩ መብራት ካልጠፋ አይሻገሩም፤ «ፋይሌን ላበላሽ?» ይላሉ።

አንድ ድክመት ቢኖርባቸው ዋይፋያቸው ነው። ያስገቡት ከእቴነሽ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ነበር፤ ግን ቤታቸው የገባ ሁሉ ውሃ ሳይቀርብለት ፓስወርዱ ይነገረዋል። ፓስወርዱ የባለቤታቸው ስም ስለሆነ ሲናገሩት ፊታቸው ይፈካል። እንግዳን ያለ ዋይፋይ ማስቀመጥ ለእሳቸው በር ላይ አቁሞ እንደማነጋገር ነው። በዚህ የተነሳ የፎቃችን ግማሽ፣ ከላያችን ካለውም ፎቅ ጥቂቱ፣ በጋሽ ደምሴ ኢንተርኔት ይተዳደር ነበር። እኔ የራሴ አለኝ፤ የእሳቸውን የምጠቀመው የእኔ ሲቋረጥ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ይቋረጣል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ። ምናልባት አጥርቼ አላነበብኩት ይሆናል።»

ሃምሳን ከተሻገርኩ ቆይቻለሁ፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ።

«ወዴት ሊሄዱ ነው እንዲህ ለብሰው?»

«የትም። ፖሊስ ቢመጣ በፒጃማ እንዳልወሰድ ነው።»

አነበብኩት። ከኢንተርኔት ኩባንያቸው የመጣ ኢሜይል ነው። አንድ የሙዚቃ አሳታሚ፣ በዚህ መስመር አንድ አልበም ያለ ፈቃድ ዳውንሎድ ተደርጓል ሲል ለኩባንያው አቤት ብሏል፤ ኩባንያውም ሕጉ ስለሚያዘው አቤቱታውን ለደንበኛው አስተላልፏል። የአሳታሚው ኢሜይል፣ የአልበሙ ስም፣ የዘፋኙም ስም ተጽፏል። የድሮ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ደግሞ ለእኔ እንዳይጽፉልኝ። ግርጌው ላይ ደንበኛው መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ተገልጿል። ይህንንም አነበብኩላቸው፤ አልተዋጠላቸውም።

«ሌባ ብሎኝ ሲያበቃ መልስ አትስጥ ይለኛል? ዝም ካልኩማ ሰርቄያለሁ ማለት አይደል? ይህ ነገር ፋይሌ ውስጥ ከገባ እቴነሽን ያስቀሩብኛል!»

በዚያው ዕለት ታደለ ተጠራ። ታደለ አንድ ፎቅ ከላያችን የሚኖር የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር ነው፤ በሕንጻው ውስጥ እሱ ያልዳኘው ጠብ፣ እሱ ያላስተባበረው ለቅሶ የለም። ሽማግሌ ሆኖ ሲጠራ ነጠላውን ጃኬቱ ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚመጣው። ያን ቀንም እንዲሁ መጣ። እኔ እንግሊዝኛዬ ይሻላል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ከፈተ። ሥሩ ጋ ለመድረስ ግን ብዙም አልቸኮለም። «ማን ዳውንሎድ አደረገው የሚለውን እንተወው» አለ። «ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል እንጂ ለጋሽ ደምሴ አይበጅም። ዋናው የተቀየመውን ሰው መለመን ነው።»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የፎቃችንን ወጣቶች ነበር። ሆኖም ካንትሪ የሚሰማ ወጣት የት አውቃለሁ? ይህን ዘፋኝ የሚወድ ካርቱም ላይ በካሴት የለመደው የእኛ ዘመን ሰው ነው። ይህን ልናገር ስል ታደለ ስለ ሌብነት መናገር ጀምሮ ስለነበር ሽማግሌ ማቋረጥ ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ዘፈን በነጻ መውሰድ ኪስ ከማውለቅ አይለይም አለ። አምርሮ ነው የተናገረው፤ ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ማንን እንለምን የሚለው ተነሳ። ኩባንያው መልእክተኛ ነው፤ ባለጉዳዩ አሳታሚው ነው ተባለ። ታደለ ቃል ሲያቀብል እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ጋሽ ደምሴ ከልብ ማዘናቸውን፣ ዳግመኛ በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር እንደማይደረግ፣ ሽማግሌዎችም ለዚህ ዋስ መሆናቸውን። ሙሉ ስማቸው ከነአያታቸው ገባ። የቤት ቁጥራቸው ገባ። ስልካቸውም፣ ቢጸልዩልን አይከፋም ተብሎ የክርስትና ስማቸውም ገባ።

«የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥሬን ጨምሪበት» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ከሌላ ደምሴ ጋር እንዳያምታቱኝ።»

«ጋሽዬ፣ ይህ እንኳ ባይገባ?»

«ይቅርታ የሚለምን ሰው ማንነቱን ይደብቃል እንዴ?»

ገባ። ላክነው። ሁላችንም ቀለል አለን። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለእኛ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ነገሩ በእርቅ ማለቁን ለኢንተርኔት ኩባንያውም ማስታወቅ ደግ ነው አሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ጨዋ ነው፤ ቀስ አድርጎ አስረዳን። አሳታሚው የሚያውቀው የመስመሩን ቁጥር ብቻ ነው፤ መስመሩ የማን እንደሆነ አያውቅም። ኩባንያውም ፍርድ ቤት ካላዘዘው በቀር አይነግረውም። ይህ ማስታወቂያ ከኢሚግሬሽን ጋር አይገናኝም። ለብዙ ደንበኛ ይላካል፣ አብዛኛው አጥፍቶት ይተኛል።

«ለአሳታሚው መልስ አልጻፋችሁም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጽፈናል አልኩት።

«ስም ግን አልጠቀሳችሁም።»

ምን ምን እንደጠቀስን በዝርዝር ነገርኩት። የክርስትና ስሙ ላይ ስደርስ ትንሽ ማብራሪያ አስፈለገ። ሰውየው ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ከደንበኞች አገልግሎት ሰምቼ አላውቅም፤ በመሃሉ የሚከፍቱት ሙዚቃ እንኳ አልነበረም። በመጨረሻ መልካም ቀን ተመኝቶልን ዘጋ።

ጋሽ ደምሴ ከወንበራቸው ተነስተው የዋይፋዩን ሳጥን ከሶኬቱ ነቀሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታቸው ጭር አለ። ይጠይቋቸው ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ቀሩ፤ ፍቅሩ ለማን እንደነበር እናንተው ፍረዱ። ኢሜይላቸውን አይከፍቱም፣ እኔም አልከፍትላቸውም፤ የአሳታሚው ጠበቃ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀን ይመስለን ነበር። ለእቴነሽ እንኳ በስልክ ካርድ ደውለው ኢንተርኔቱ ተበላሽቶብኛል አሏት። ምግብ ይዤ ስገባ ያንኑ ክራቫት እንዳሰሩ መስኮቱ ሥር አገኛቸዋለሁ። ኤርፖርት የሚሄደውን ባቡር ያያሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ታደለም እዚያው ሳለ፣ «ማንም ሳይጠይቀኝ በገዛ አፌ ሚስቴን አስቀረኋት» አሉና እንባቸው መጣ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ያስቀኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን አፈርኩ፣ አዘንኩም።

ታደለ ነጠላውን ከትከሻው አነሳ።

«ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን ያወረድኩት። ተሳፋሪ ስጠብቅ እየሰማሁት... ሰው ሁሉ የሚያደርገው መስሎኝ። እርስዎ ላይ ይመጣል ብዬ አልጠረጠርኩም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሌላ ጻፊልኝ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ በያቸው። የእኔንም ስም ከነአያቴ አስገቢው!»

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ሁለት ራሱን የሚያጋልጥ ግን መድኃኒት የለውም። ቢሆንም የላክንበትን አድራሻ ፍለጋ በራሴ ስልክ የጋሽ ደምሴን ኢሜይል ከፈትኩት። ጠበቃው የለም። ከአሳታሚው የመጣ አንድ መልስ ግን አለ፤ ይቅርታውን በላክንባት ደቂቃ የደረሰ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ይህ አድራሻ ማስታወቂያ ለመላክ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ ወደዚህ የሚላክ መልእክት አይነበብም፣ ሳይከፈት ይጠፋል።

«ማንም አላነበበውም?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ማንም።»

«ተመስገን!» ብለው ተነሱ። ሁለት እርምጃ ሄደው ግን ቆሙ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው? መክሰስ እንጂ ይቅርታ መስማት አያውቁም?»

ያን ጊዜ ታደለ እግራቸው ላይ ወደቀ። ጋሽ ደምሴ ጎትተው አነሱት፣ ተቃቀፉ፣ የሽማግሌነቱ ወንበር ባዶ ስለነበር እኔ መረቅኩ። ሳጥኑም ተመልሶ ሶኬት ውስጥ ገባ።

ወይዘሮ እቴነሽ በጸደይ ገቡ። ከኤርፖርት ያመጣቸው ታደለ ነው፤ ሒሳብ አልተቀበለም። ማታ ራት ቀርቦ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስተን ነገርናቸው። ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳቁ። ከዚያ ታደለን ቀና ብለው አዩት።

«ደግ አደረጋችሁ፤ እርቅ ጥሩ ነው» አሉ። «ለመሆኑ ዘፋኙ ምን አለ?»

ዘፋኙን መለመን ለማናችንም ትዝ አላለንም ነበር። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ ታደለ።

«ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለ ታደለ።