የቡ ሱርቲና ታካሚ

በየሰፈሩ አንድ ሐኪም አይጠፋም። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ነጭ ጋውን ያልለበሰ፣ ግን «አመመኝ» የምትለውን ቃል ሳትጨርሷት መድኃኒቱን የሚያዝ ሐኪም። ራሴን ብትሉት ሆድህ ነው ይላል፤ ሆዴን ብትሉት እግርህ ነው። ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚፈልገው መታዘዝ ብቻ ነው። ከእጁ ያመለጠ ጎረቤት ቢኖር ወይ ሰፈር የለቀቀ ነው፣ ወይ አፈር የለበሰ።

በሴማራንግ ከተማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቅያስ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ቡ ሱርቲና ነበሩ፤ በዚያ አገር ሴቷን «ቡ»፣ ወንዱን «ፓክ» ማለት እትዬና ጋሼ እንደ ማለት ነው። ቡ ሱርቲና ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅያሷ አፍ ላይ ቆመው ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉና ሙዝ እየጠበሱ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከሚንጫጫው ዘይት በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። የምርመራቸው ውጤት ሁልጊዜ አንድ ነው። «ነፋስ ነው» ይላሉ። «ነፋስ ገብቶብሃል።» እጁ ተሰብሮ የመጣውን ጎሚስታ እንኳ ሆስፒታል የላኩት «በስብራቱ በኩል ነፋስ ሳይገባበት አይቀርም» ብለው ነው።

ዳማር እጃቸው ላይ የወደቀው በሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።

ዳማር የሠርግ መጥሪያና ባነር የሚያትም አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ይሠራል። አንድ ሰኞ ጠዋት የወረቀት ካርቶን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ቀና ልበል ሲል የጋለ ሽቦ የመሰለ ሕመም ከግራ መቀመጫው ተነስቶ፣ በጭኑ ጀርባ አልፎ እስከ ተረከዙ ወረደ። እንደታጠፈ ቀረ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት መጣና እንደ ተበላሸ ማሽን ዙሪያውን ዞሮ አየው።

«በዚህ ዕድሜህ?» አለው።

ይህች ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጥላ ተከተለችው። ጓደኞቹ «በዚህ ዕድሜህ?» ብለው ሳቁና «አያታችን» የሚል ስም አወጡለት። አጎቱ «እኔ በአንተ ዕድሜ ሩዝ በጆንያ ተሸክሜ ዳገት እወጣ ነበር» አሉት። አውቶቡስ ላይ ወንበር ይዞ ሲቀመጥ የቆሙት እናቶች ዓይናቸውን ከላዩ አያነሡም፤ እሱም አመመኝ ብሎ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ስለሚከብደው ተነስቶ ይለቅና ጥርሱን ነክሶ ይቆማል። መስጊድ ሲገባ መስገድ የቻለው ከኋላ፣ ወንበር ላይ ከሚሰግዱት አዛውንቶች ተርታ ሆኖ ነው። እነሱም በበኩላቸው ገና ሳይደርስበት ወንበራቸውን ሊቀማ የመጣ ይመስል ገላመጡት። የተሰበረ እግር ጄሶ ይታሰርለታል፣ ሰውም ያዝናል። ጤነኛ መልክ ይዞ መታመም ግን ከሕመሙ ሌላ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ በየቀኑ ምስክር ሆኖ መቆም።

ቡ ሱርቲና ምስክር አልጠየቁም። ዳማር ግድግዳ እየተደገፈ ሲያልፍ አዩት፣ ምድጃቸውን አጠፉ፣ ተከትለውት ቤት ገቡ።

«ነፋስ ነው» አሉ። «ሸሚዝህን አውልቅ።»

በመጀመሪያ ጀርባውን ዘይት ቀብተው በሳንቲም ጠርዝ ፋቁት። ሲጨርሱ ጀርባው ላይ ቀይ መስመር በመስመር ሆነ፤ ያ ሁሉ መስመር የወጣው ነፋስ ነው ተባለ። ሽቦው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ቀጥሎ እርድና ዝንጅብል ከአንድ ስሙን ሊነግሩት ካልፈለጉት ቅጠል ጋር ቀቅለው አጠጡት። «መራራነቱ ነው የሚያድነው» አሉት። በመራራነት ቢሆን ኖሮ በዚያች ሌሊት ይድን ነበር።

ከዚያ ተራው የፍራሹ ሆነ። «ለስላሳ ፍራሽ ወገብ ይበላል፤ ጣውላ ላይ ተኛ» አሉ። ጣውላ የለኝም አላቸው። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነው አንድ በር ተሸክመው መጡ። የራሳቸው የመታጠቢያ ቤት በር ነበር፤ በጉጠት ነቅለውት ነው። ዳማር በሩ ላይ ተኛ። እሳቸው ደግሞ በሩ እስኪመለስ ድረስ በመጋረጃ ታጠቡ። ሰፈሩም በዚያ ሰሞን በጓሯቸው በኩል ማለፍ ሲኖርበት እየሳለ አለፈ።

ነገሩ የከረረው ወጌሻው የመጣ ዕለት ነው። ቡ ሱርቲና ከዴማክ ከተማ አንድ ግዙፍ ወጌሻ አስመጡ። ሰውየው ዳማርን በደረቱ አስተኝቶ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ጀርባው ላይ ወጣበት። አንድ ነገር ሲጮህ ተሰማ። ወጌሻው «ገባ» አለ። ምን እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ዳማር ከአልጋው መውረድ አቃተው፤ ሽንት ቤት የሄደው አባቱ ተሸክመውት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት በአባቱ ጀርባ መታዘል ከሽቦው የባሰ አሳመመው።

ቡ ሱርቲና ሊጠይቁት ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጠበቃቸው።

«ቡ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ጀርባዬን ተዉልኝ» አለ። «እርስዎ ሐኪም አይደሉም። ሙዝ ነው የሚጠብሱት።»

ቡ ሱርቲና የያዙትን ሳህን አልጋው ጎን አስቀምጠው ወጡ። ሳህኑ ላይ ትኩስ ቶፉ ነበር። በማግስቱ ሌላ ሳህን መጣ፤ ይዘውት የመጡት እሳቸው ሳይሆኑ እናቱ ናቸው። «ደጃፍ ላይ ሰጥተውኝ ሄዱ» አሉት። ዳማር በላው፤ ግን በሰላም አልወረደለትም።

ሲሻለው ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሟ ፎቶውን አንስታ አሳየችው፤ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የሚባል ትራስ መሳይ ነገር ተንሸራቶ ወደ እግሩ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ቀዶ ሕክምና አሁን አያስፈልገውም፤ በአካል እንቅስቃሴና በትዕግሥት ይቀንሳል። «ይድናል?» ብሎ ጠየቃት። «ደህና ቀንና መጥፎ ቀን ይኖርሃል» አለችው። «ደህናው እንዲበዛ ነው የምንሠራው።» ከሁሉ ያጽናናው ዕድሜውን አለመጠየቋ ነው። ካርዱ ላይ ስለተጻፈ ይሆናል።

እንግዲህ ዳማር ከሕመሙ ጋር መኖር ተማረ። ካልሲ ተኝቶ ያደርጋል። ማስነጠስ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ማተሚያ ቤት ኮምፒውተሩን ካርቶን ላይ ቆልሎ ቆሞ ይሠራል። ማታ ማታ ደግሞ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ምንጣፍ ቅያሷ ላይ ዘርግቶ ሆስፒታል ያዘዙለትን እንቅስቃሴ ይሠራል፤ በደረቱ ተኝቶ በክንዱ ቀና ማለት፣ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ መሳብ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቡ ሱርቲና ከምድጃቸው ሆነው ዝም ብለው አዩት። በሁለተኛው አልቻሉም።

«ጉልበትህ ጠመመ» አሉት።

ዳማር አቃናው። ዕርቁ በዚህ አለቀ፤ ይቅርታ የጠየቀም የሰጠም አልነበረም። ወዲያው ማታ ማታ የሚቆጥሩለት እሳቸው ሆኑ። አልፈው ተርፈው ወገባችንን አመመን የሚሉትን የሰፈር ሴቶች ሁሉ ምንጣፍ እያስያዙ ቅያሷ ላይ አሰለፉ። ሞተር ብስክሌት ማለፊያ አጣ። ማን ያዘዘው እንቅስቃሴ ነው ተብለው ሲጠየቁ «ከልጁ ጋር ተመካክረን ያገኘነው ነው» ይላሉ። ዳማር ይሰማል፤ አያርምም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ለሽምግልናው ቀን ሲቆረጥ ነው።

ዌኒንግ ኡንጋራን ከተማ ውስጥ ሕፃናት የምታስተምር፣ ዳማር ለሦስት ዓመት የወደዳት ልጅ ናት። አባቷ ፓክ ሃርጆኖ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲሆኑ በሥርዓት አክባሪነታቸው ይፈራሉ። ቤታቸው ሻይ በድምፅ የጠጣ ሰው ሁለተኛ አይጋበዝም ይባላል። በሽምግልናው ቀን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ንግግሩ ረጅም ነው። ታላላቆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ወጣት ከነሱ በላይ ከፍ ብሎ አይቆምም፣ ወንበርም አይጠይቅም። ዳማር እግሩን አጣጥፎ ትንሽ እንደቆየ ሽቦው ይግላል።

«አስቀድሜ ለአባቴ ልንገረው» አለችው ዌኒንግ።

«ምን ብለሽ? በሽተኛ ላገባ ነው ብለሽ?» አላት። «አንድ ቀን ነው። እችለዋለሁ።»

በተከራዩት ሚኒባስ ሄዱ። ፍራፍሬና የሩዝ ቂጣ በትሪ ይዘው ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ቡ ሱርቲና ነበሩ። ሳይጠሩ የሚገኙበት ቦታ ብዙ ቢሆንም ለዚህኛው በእርግጥ ተጠርተዋል።

የዳማር አባት ተናገሩ። የዌኒንግ አጎት መለሱ፤ በታላላቆች የክብር ቋንቋ፣ አንዷ ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ይቅርታ ጠይቃ በምታልቅበት። ዳማር ጣቶቹ ሲደነዝዙ ተሰማው። ቀጥሎ እሳቱ መጣ። ወደ ቀኝ ዘመም አለ፣ አባቱ ሳል አሉ። ቀና አለ። ላቡ በባለ ጥለት ባቲክ ሸሚዙ አንገት ሥር ወረደ። እንደገና ሲቁነጠነጥ አጎትየው ንግግራቸውን አቁመው ፈገግ አሉ።

«ልጃችን የቸኮለ ይመስላል» አሉ። ሰዉ በትሕትና ሳቀ። ፓክ ሃርጆኖ አልሳቁም። ዌኒንግ ከማዶ ከንፈሯን ነክሳ ታየዋለች።

በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ ወገን አንድ ድምፅ ተሰማ። ዘይት በሚንጫጫበት መናገር የለመደ ድምፅ ስለሆነ ዝግ ማለት አይችልበትም።

«ጌታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ቡ ሱርቲና። «ይህ ልጅ ታሟል። ወንበር ይሰጠው።»

የዳማር አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳማር ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ምኑን ነው የታመመው?» አሉ ፓክ ሃርጆኖ።

«ወገቡን። ነርቭ ተጭኖት እግሩን ያቃጥለዋል።»

«በዚህ ዕድሜው?»

«ሕመም መታወቂያ አይጠይቅም ጌታው» አሉ ቡ ሱርቲና። «ይህ ልጅ በየማለዳው በደጄ ያልፋል። እያነከሰ ሥራ ይሄዳል፣ እያነከሰ ይመለሳል። አልጋ ላይ ከዋለባቸው ቀናት በቀር ቀርቶ አላየሁትም። እኔ ራሴ በማላውቀው ገብቼ ጎድቼዋለሁ፤ እሱ ግን ለሰው አላወራብኝም። አሁንም እየተቃጠለ የተቀመጠው እርስዎን አክብሮ ነው። ልጅዎን የሚሰጡት ለጤነኛ ወገብ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩን፤ ትሪያችንን ይዘን እንሂድ። ለሰው ከሆነ ግን ወንበር ይሰጠው።»

ፓክ ሃርጆኖ ዳማርን ለረጅም ጊዜ አዩት። ላቡን አዩ፣ ምንጣፉን የጨመደደውን እጁን አዩ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው «የእኔን ወንበር አምጡለት» አሉ።

አመጡለት። ትልቅ፣ ጀርባው የተቀረጸ ወንበር ነው። ዳማር ከታላላቆቹ ሁሉ በላይ ተቀመጠ፤ ተቀምጦም አንገቱን ሰበረ። አገጩ ደረቱን እስኪነካ አጎነበሰ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ከተተ፣ ንግግሩ አልቆ እናቱ ለዌኒንግ ቀለበቱን እስኪያጠልቁላት ድረስ እንዲያ እንዳለ ቆየ።

ሲሰናበቱ ፓክ ሃርጆኖ እጁን ይዘው አስቀሩት።

«ከሁላችን ከፍ ብለህ ተቀመጥክ» አሉት።

ዳማር አንገቱን እንደገና ደፋ።

«አንገትህ ግን ከሁላችን ዝቅ ብሎ ነበር። አይቻለሁ» አሉ። ወዲያውም ወደ ሚስታቸው ዞረው «ለሠርጉ ወንበር ይብዛ» አሉ።

ሴማራንግ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰዉ ከሚኒባሱ እየወረደ በቅያሷ ገባ። ዳማር የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ስለመጣ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወረደ። ሊያመሰግናቸው ፈልጎ በሩ ላይ ቆመ፤ ቡ ሱርቲና ግን አልወረዱም።

«ሂድ፣ ሂድ፤ እኔ ትሪዎቹን ልሰብስብ» አሉት።

የሚሰበሰብ ትሪ አልነበረም፤ ሁሉም ወርዷል። ዳማር ፈንጠር ብሎ ጠበቀ። ብቻቸውን የቀሩ ሲመስላቸው በሁለት እጃቸው ወንበሩን ጨብጠው ተነሡ፤ አንድ እግራቸውን እንደ ብርጭቆ በዝግታ አወረዱ፣ ሌላውን አስከተሉ፣ ከዚያም መሬት ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልፍ ጠበቁ። ዳማር ያንን አቋቋም ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት አልጋው አጠገብ ራሱ የሚቆመው እንዲያ ነው።

«ቡ፣ የት ነው የሚያምዎት?» አላቸው።

«ማን አመመኝ አለ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ግራና ቀኝ አዩ። ሰው የለም።

«ጉልበቴን» አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም «ወገቤንም» አሉ።

«ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። አብረን እንሄዳለን።»

«ሐኪም ቤት የታመመ ሰው ነው የሚሄደው» ብለው ክንዱን ያዙና ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

ሐሙስ ግን ንጹሕ ሻሽ ጠምጥመው፣ ለሐኪሟ ቶፉ በፌስታል ቋጥረው፣ ከዳማር ቀድመው መንገድ ላይ ቆመው ተገኙ። ሐኪሟ ጉልበታቸውን እያገላበጠች አየች፣ ጎንበስ ቀና አስባለቻቸው። ከመቼ ጀምሮ ነው ስትላቸው «ሟቹ ባሌ በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ» አሉ።

«ያን ሁሉ ጊዜ? እስካሁን ምን አደረጉለት?»

ዳማር ጥግ ላይ ተቀምጦ የሳንቲሙን፣ የቅጠሉን፣ የዴማኩን ወጌሻ ዝርዝር ሊሰማ ተዘጋጀ።

ቡ ሱርቲና የሻሻቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«ምንም» አሉ። «ጊዜ አልነበረኝም።»