ክቡር ጋሽ ፍተሻ ጥናት ገቡ

ሐኪም ቤት ባለበት ሁሉ አንድ የማያምን ሰው አለ። ኪኒን ሲሰጡት ገልብጦ ያያል፤ አልጋ ሲሰጡት «ከኔ በፊት ማን ተኝቶበት ነበር?» ይላል፤ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ምነው፣ ምን ሰማህ?» ብሎ ይደነግጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሐኪም ቤት አይቻለሁ የምትሉ ካላችሁ ንገሩኝ። አላምናችሁም እንጂ እሰማችኋለሁ። ምን ላድርግ፣ ተጋብቶብኛል።

የኛው ክቡር ጋሽ ፍተሻ ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ነርሶቹ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቆመው ወጪ ሠራተኛ ሲፈትሹ ነው የኖሩት። የምሳ ዕቃ ክዳን ሲከፍቱ፣ የካፖርት ገበር ሲዳብሱ ዕድሜያቸው አለቀ። ዛሬ ኩላሊታቸው እንደኔው ሥራ አቁሞ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን በማሽን ያሳጥባሉ። ወንበራቸው ከወንበሬ ጎን ነው። የፋብሪካውን በር ለቀቁ እንጂ ፍተሻውን አለቀቁም።

ከእጥበት በፊት ሁላችንም እንመዘናለን። እሳቸው ሚዛኑ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ነርሷን ራሷን አውጥተው ያስመዝኗታል። «ይሄ ሚዛን ሰው ይመርጣል» ይላሉ፤ ሐኪም ከልክሏቸው ሳለ ቀኑን ሙሉ የተጎነጩት ውሃ ግን አይነሳም። ማሽኑ ሲጮህ እኛ ነርስ እንጠራለን፣ እሳቸው ማሽኑን «ምን ደብቀህ ነው?» ይሉታል። ጠጋኙ መጥቶ ከሆነ የመሣሪያ ሳጥኑን ሲገባም ሲወጣም ሳያስከፍቱ አያሳልፉትም። ደግሞ ለሁሉም ነገር አንድ ቃል አለቻቸው፦ «ቆይ ቆይ፣ እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

የኛ በሽታ አንድ ክፉ ጓደኛ አለው፣ ማሳከክ። ሽፍታ የለው፣ የሚታይ ቁስል የለው፤ ከቆዳ ሥር ይጀምርና እንቅልፍ ይነሳል። ማሽኑ ደም ያጥባል እንጂ ይህን ጠርጎ አያወጣም። እኔ ጀርባዬን በማበጠሪያ እጀታ እያከክኩ አንሶላ አደማ ነበር። ባለቤቴ ችላ ችላ በመጨረሻ መኝታ ለየች። አልዋሽም፣ አልቅሼበታለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ወጣት ዶክተር ወንበር ስባ መሃላችን ተቀመጠች። ለዚሁ ማሳከክ የሚሆን አዲስ መድኃኒት እየተጠና እንደሆነና ፈቃደኞች ከሆንን ጥናቱ ውስጥ መግባት እንደምንችል አስረዳችን። ግማሾቻችን መድኃኒቱን፣ ግማሾቻችን ደግሞ እሱኑ የሚመስል ባዶ ኪኒን እንወስዳለን። የትኛው ለማን እንደደረሰ ጥናቱ እስኪያልቅ እሷም አታውቅም።

ጋሽ ፍተሻ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ቆይ ቆይ፤ አንቺም አታውቂም?»

«አላውቅም፣ አባባ። እንዳላዳላ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?»

«ኮምፒውተር ነው የሚመድበው።»

«እንግዲያው እሱን ጥሪልኝ፣ ከሱ ጋር ልነጋገር።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷም ስቃ ስታበቃ፣ «ደስ ያላለዎት ቀን ምክንያት ሳይጠየቁ መውጣት ይችላሉ። እጥበትዎ እንደነበረው ይቀጥላል» አለቻቸው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ ዕድሜዬን በር ላይ ነው የጨረስኩት። ሳይጠይቅ የሚያስወጣ በር አይቼ አላውቅም።»

ዶክተሯ ራቅ እንዳለች ወደኔ ዞሩ። «እንዳትገባ! አንድ ቀን ልውጣ ስትል ያኮርፋሉ። ካኮረፉ ወንበርህን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ወንበርህ ከሄደ ደግሞ…»

አልጨረሱትም። የእጥበት ወንበር የሌለው የኩላሊት በሽተኛ ብዙ አይቆይም፤ ወንበር የሚጠብቁት ደግሞ ብዙ ናቸው። በአንድ በኩል ጀርባዬ፣ በሌላ በኩል ወንበሬ። ፈራሁ። ዶክተሯ ስትመለስ «ላስብበት» አልኳት።

በሳምንቱ ጥናቱ ውስጥ ማን ገባ ብትሉኝ ጥሩ ነው? ክቡር ጋሽ ፍተሻ!

«ምነው ጋሼ፣ አትግባ ሲሉኝ አልነበር?»

«አንተን ነዋ ያልኩት። ስለ ራሴ ምን አልኩ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እያደር ማከካቸውን ተዉ። ወንበራቸው ላይ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ማሽኑ ሲጮህ እንኳ የሚነቁ አልሆኑም። እኔ ከጎናቸው ጀርባዬን እየፈተግኩ ነገር ማውጠንጠን ያዝኩ። ቦታው ጥቂት ቢሆን ነው፤ እኔን አስፈራርተው ለራሳቸው ያዙት አልኩ። እሳቸው ዓለሙን ሁሉ ሲጠረጥሩ እኔ እሳቸውን ጠረጠርኩ። ሰላምታዬ ሳይቀር ቀዘቀዘ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ዶክተሯ ስትገባ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «ወጥቻለሁ!» አሉ።

«ምነው አባባ፣ ኪኒኑ አስቸገረዎት?»

«ምክንያት አይጠየቅም ብለሻል።»

«ልክ ነዎት፤ ለጤናዎ ብዬ ነው። እስካሁን ስለረዱን በጣም እናመሰግናለን» አለቻቸው፣ ቅር የተሰኘችም አትመስል።

አሁን ዋናው ፍተሻ ተጀመረ። የእጥበታቸው ሰዓት እንዳላጠረ፣ መርፌ የምትተክለው ነርስ እጇ እንዳልከበደ፣ ወንበራቸው ካለበት እንዳልተነቃነቀ በየቀጠሮው አረጋገጡ። ዶክተሯ ሰላም መንሳት ቀርቶ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠየቀቻቸው። ይህኛውን ለብቻው መረመሩት። ብዙ ሰነበቱና በመጨረሻ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«አንተ ልጅ» ይሉኛል፣ ፀጉሬ እንዲህ ሸብቶ። «በሩን ፈትሼዋለሁ፤ ይከፈታል። ግባ።»

«እርስዎስ? እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር እኮ! ተሽሎዎት ነበር!»

«ወስዶኝ ነበር።»

«ታዲያ ይመለሱ!»

«የወጣ አይመለስም፣ ደንባቸው ነው። ሳልገባ ጠይቄያታለሁ።»

«እያወቁ ነው የወጡት?»

«ታዲያ በር ሳይወጡበት ይፈተሻል?» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መኝታ የተለየብህ አንተ ነህ። የኔዋ ድሮ ሞታለች፤ እኔ ሌሊት ባክክ ማንን እቀሰቅሳለሁ?»

ገባሁ። የሳቸው ኪኒን ባዶ ይሁን መድኃኒት ያለበት እሳቸውም፣ እኔም፣ ዶክተሯም አናውቅም። ማሳከኩ ግን ተመልሶባቸዋል። እኔም በየቀጠሮው የኪኒን ብልቃጤን ሳይጠይቁኝ አውጥቼ አቀርብላቸዋለሁ፤ ገልብጠው፣ ነቅንቀው ያሳልፉኛል። ቀጥሎ መርፌ ያልተተከለበትን እጄን ዘርግቼ ጀርባቸውን በማበጠሪያዬ አክክላቸዋለሁ። እኚህን ሰውዬ እንዴት እንደምወዳቸው ለሳቸው አልነግራቸውም፤ ምን ፈልጎ ነው ይሉኛል።

«ወደ ቀኝ። ዝቅ። እሷ ጋ፣ እሷ ጋ» ይላሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። ትንሽ ቆይተው አንዱን ዓይናቸውን ይከፍታሉ።

«ቆይ ቆይ፤ ይሄ ማበጠሪያ ታጥቧል?»