የምንጮቹ ባለአደራ ጋሽ ሳህሉ

መሬትና ውሃ በሚመዘገብበት ቢሮ ሁሉ አንድ የማይሰጥ ሰው አይጠፋም። ዳታው የሕዝብ ነው፤ ግን የእሱ ነው። ለምኑት፣ "ገና አላለቀም" ይላችኋል። አምስት ዓመት ቆይታችሁ ለምኑት፣ አሁንም አላለቀም። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ከኦክላንድ እስከ ሳንሆዜ እንዲህ ያለው ሰው ቢለቀም ባቡር ይሞላል። ሐሴት ግን ዕጣዋ ሆኖ የሁሉም አለቃ ደረሳት፤ ያውም ያገሯ ሰው።

ክቡር ጋሽ ሳህሉ፣ የደቡቡ ተራሮች ምንጮች ባለ ሙሉ ሥልጣን ባለአደራ፣ ሳንሆዜ በሚገኝ አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ምንጮችን በእግራቸው ዞረው መዝግበዋል። ሐሴት ደግሞ ዳውንታውን ኦክላንድ ተቀምጣ የየካውንቲውን፣ ማለትም የየአስተዳደር ወረዳውን፣ ካርታ አንድ ላይ የምትገጣጥም ባለሙያ ናት። እሷ ካርታ ላይ ምንጮቹ የጋሽ ሳህሉ ካውንቲ ድንበር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ፤ ውሃ ድንበር የሚያከብር ይመስል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ባዶነቱ የዋዛ አልነበረም። ሜይ ሲገባ ቡልዶዘር ሸንተረሩን ተከትሎ የሰደድ እሳት መግቻ ሊጠርግ ነው። ደንቡ "በጋውን ሙሉ የሚፈስ ምንጭ ካለ ዙሩት" ይላል። ካርታ ላይ የሌለ ምንጭ ግን ለቡልዶዘሩ የለም፤ አንዴ ከተደፈነ ደግሞ ማንም አያስነሳውም።

ለአሥራ አራት ኢሜይሎቿ አሥራ አራት ጊዜ "ዳታው ገና ድራፍት ነው የኔ ልጅ፣ በርቺ" የሚል መልስ መጣ። በምን ትበርታ? ስልክ ስትደውል የእናቷን ጤና ጠየቋት። ቢሯቸው ድረስ ብትሄድ ምሳ ጋበዟት፣ መረቋት፣ እስከ መኪናዋ ሸኟትና ባዶ እጇን ሰደዷት። 880 አውራ ጎዳና ላይ ሁለት ሰዓት ተገትራ ብቻዋን ስትሳደብ መሸባት።

አለቃዋ "በሕግ ጠይቂያቸው" አላት። ያገር ሽማግሌን በሕግ? ከዚያ በኋላ በየትኛው ሰርግ ላይ ፊቷን ታሳያለች? ስለዚህ ሽማግሌ ላከች። አዎ፣ ለዳታ።

ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱት የወሎው አቶ የሱፍ መሪ፣ ወይዘሮ ዘነቡ አጋዥ ሆነው እሑድ ከሰዓት የጋሽ ሳህሉን በር አንኳኩ። ተቀመጡ ሲባሉ እንደ ወጉ እንቢ አሉ።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ አቶ የሱፍ። "የመጣነው የእርስዎን ምንጮች ለልጃችን ካርታ ለመጠየቅ ነው።"

ጋሽ ሳህሉም እንደ ወጉ ወዲያው እሺ አላሉም። "ዘመድ ላማክርበትና በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አሉ። የምን ዘመድ? ምንጭ ደግሞ አጎት አለው? ሐሴት ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። በሁለት ሳምንቱ ግን አቶ የሱፍ አንድ ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡላት።

በማግስቱ ቢሮ ከፈተችው። ምንጭ ቁጥር ሰማንያ ስምንት ልክ ቡልዶዘሩ መንገድ ላይ ተቀምጧል፤ "የዝናብ ወቅት ብቻ፣ በበጋ ይደርቃል" ተብሏል። ማስረጃው ሲፈስ የታየው በወር 1 መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ጃንዋሪ የዝናብ ወር ነው፤ በጃንዋሪ የማይፈስ ምን አለ? ልታልፈው ስትል የተያያዘውን የእጅ ጽሑፍ አየች። "ሣሩ ሁሉ ደርቋል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ውሃው ይወርዳል" ይላል። እነዚያ ተራሮች በጃንዋሪ ለምለም ናቸው። ስልኳን አነሳች።

"ጋሽ ሳህሉ፣ ይሄ ወር አንድ ያሉት መስከረም ነው አይደል? እዚህ አገር ሁሉ የሚደርቅበት?"

"ነው" አሉ። "ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ ሰሞን ነው። ዓመቱ ፎርሙ ላይ ታትሟል፤ ወሩን የምሞላው እኔ ነኝ። እጄ የለመደውን ጻፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ።"

ስህተታቸውን ካወቁ ወዲህ በየዓመቱ በመስከረም ፈቃድ እየወሰዱ፣ ብቻቸውን ተራራ እየወጡ አንድ ባንድ ሲያርሙ ኖረዋል። አርባ አንድ ቀርቷቸዋል። ሰው ሳያውቅ ሊጨርሱ ነበር።

"አርባ አንድ ምንጭ በእርስዎ ይሉኝታ ይደፈን?" አለች ሐሴት፣ ድምፅዋን መቆጣጠር አቅቷት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ ልጄ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀረኝ። ወር መቁጠር የማይችል ነበር ከሚሉኝ ብዬ ነው።"

ጊዜው ማርች ነው፤ በማርች ሁሉም ምንጭ ይፈሳል። ሄዶ አይቶ መመስከር አይቻልም። ምስክሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐሙስ ኦክላንድ ላይ ካርታውን የሚጋሩት የዘጠኙ መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ነበር። ጋሽ ሳህሉ ሳይጠበቁ ከረባት አስረው መጡና ተነሥተው ቆሙ። "ሰማንያ ስምንት በጋውን ሙሉ ይፈሳል" አሉ ቀስ ብለው በእንግሊዝኛ። "መዝገቡ የተሳሳተው በእኔ ነው፤ ወር አንድ ብዬ የጻፍኩት ባገሬ አቆጣጠር ነው።"

አንድ መሐንዲስ "የእናንተ የመጀመሪያ ወር ሴፕቴምበር ላይ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አዎ" አሉ። "እኛ ጋ ዓመቱ የሚጀምረው ዝናቡ ሲያበቃ ነው።"

የቡልዶዘሩ መስመር ስልሳ ሜትር ወደ ታች ተገፋ። በዚያው ቀን ጋሽ ሳህሉ ዳታውን በሙሉ ለዘጠኙም ላኩ። አርባ አንዱን በቀይ ምልክት አድርገው፣ "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የምትችሉ ሴፕቴምበር ላይ አብረን ወጥተን እናረጋግጥ" የሚል ጨመሩበት።

ቀኑ ሲደርስ ሐሴት ሁለታቸው ብቻ የሚወጡ መስሏት ነበር። ተራራው ግርጌ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል፤ ጋሽ ሳህሉ በየሰዉ ፊት እየቆሙ፣ "በዚህ ጫማ ነው የምትወጣው?" እያሉ ይቆጣሉ። ፎርም ሲያድሉ ደግሞ ለያንዳንዱ "ወሩ ዘጠኝ ነው፣ ዘጠኝ" ይላሉ። ሐሴት ያን ሁሉ ወር የተናደደችባቸውን ሰው እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያኔ ነው።

ሰማንያ ስምንት ጋ ሣሩ ደርቋል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ውሃው ይወርዳል። "ያየው ሰው" የሚለው ቦታ ለአንድ ስም ብቻ የተሠራ ነበር። ጋሽ ሳህሉ ወረቀቱን ገልብጠው ሁሉንም ከጀርባው አስፈረሟቸው። ሐሴት መጨረሻ ላይ ፈረመች፤ ከምንጩ ስትጠጣ እጇ ርሶ ስለነበር ስሟ ትንሽ ፈሰሰ።