የጥሩዬ ጌሾ

ዘንድሮ ስልክ የማያውቀው ነገር አለ እንዴ? መንገዱን ያውቃል፣ ዝናቡን ያውቃል፤ ይባስ ብሎ የቅጠል ፎቶ ቢያሳዩት ቅርፁን አይቶ የዛፉን ስም ይነግራል። ይህን ጥበብ ስልኬ ላይ የጫነልኝ አንድ ፈረንጅ ነው። ወደ አሸተን ማርያም ሳስወጣው ያየውን ዛፍ ሁሉ ስሙን ይጠይቀኛል። አስጎብኚ "አላውቅም" አይልምና ሁሉንም ወይራ ነው አልኩት። አዝኖልኝ ጫነልኝ።

ከዚያ ባለቤቴ ጥሩዬ አረፈች። አርባዋ ሲቃረብ ጠላውን የምትጠምቀው እህቷ ስንዱ ከኩልመስክ ደወለችና፣ "ጋሼ፣ እስክመጣ ጌሾውን ቀጥፈው ፀሐይ ላይ ያስጡልኝ" አለችኝ። ከገበያ መግዛት ይቻል ነበር። ግን ጥሩዬ በእጇ የተከለችው ጌሾ ጓሮ ቆሞ ተዝካሯ በሰው ጌሾ ይውጣ? እንዴት ተደርጎ!

ጓሮ ስገባ ግን የቱ ነው ጌሾው? ቁጥቋጦው ሁሉ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ሁሉ የሚያብረቀርቅ። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከነመስኮታቸው በቃሌ የምወጣው ሰውዬ በገዛ ጓሮዬ እንግዳ ሆንኩ። ጠላውን ስጠጣ ኖርኩ እንጂ ቅጠሉን መቼ አየሁት? ጎረቤት መጠየቅ አፈርኩ። ለስንዱ ፎቶ እንዳልልክላት ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው።

አንዱን ቅጠል በጥሼ ለሊቁ ስልኬ አቀረብኩ። ቡና ነው አለኝ፤ በላስታ ብርድ! ለካ አውራ ጣቴ የቅጠሉን ጠርዝ ሸፍኖበታል። ነጭ ነገር ላይ ላስቀምጠው ብዬ የጥሩዬን ነጠላ ከተሰቀለበት አወረድኩና ሣሩ ላይ ዘረጋሁት። አሁንም እሷን እሷን ይሸታል። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

የንስሐ አባታችን ስለ ተዝካሩ ሊጠይቁኝ ሲመጡ እንዲሁ እንደተንበረከክሁ ደረሱ። ምን እንደምሠራ ስነግራቸው፣ "እሷ ብታይህ ሳቋን አትችለውም ነበር" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እርስዎስ ጌሾ ያውቃሉ ወይ ብላቸው፣ እሳቸውም እንደኔው ናቸው፤ ጠላውን ባርከው ይጠጣሉ እንጂ ቅጠሉን አይለዩትም።

ስለዚህ ሁለታችንም ነጠላው ላይ አጎንብሰን የስልኩን ፍርድ ጠበቅን። ጌሾ ነው አለ። እፎይ ልል ስል ከሥሩ ማስጠንቀቂያ አስከተለ፤ ለምግብ ወይም ለመጠጥ ከማዋልዎ በፊት ተክሉን በደንብ የሚያውቅ ሰው ጠይቀው ያረጋግጡ የሚል።

"ምን ይላል?" አሉኝ አባ፣ ፊቴ ሲለወጥ አይተው።

"ጥሩዬን ጠይቃት ይላል" አልኳቸው።