ሲት እንሺራሕ የሌሉበት ፊልም

ይህን ጋዜጣ የምታነቡም ሆናችሁ ጠዋት ጠዋት የተጠበሰ ባቄላ የምትጠቀልሉበት ሁሉ ዕወቁ! በግብፅ ምድር፣ በጣንታ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የበላይ ጠባቂ፣ የድመቶችና የአዲስ ሙሽሮች ተቆጣጣሪ፣ የሰገነቱ ባለ ዙፋን ክብርት ሲት፣ ማለትም እመቤት፣ እንሺራሕ በፊልም ተሰድበዋል። ያውም በጥቁርና ነጭም፣ በቀለምም።

አስቂኝ ተውኔት የሚጽፍ ሰው በኖረበት ከተማ ሁሉ «እኔን ነው የጻፈው» ባይ እንደ አሸን ይፈላል። የእኛው ደራሲ፣ አላህ ይማረውና፣ ከሞተ ወዲህ ፀጉር አስተካካያችን «ያ ንፉግ ሙሽራ እኔ ነኝ» ይላል። «ያ የሚያንቀላፋው ዳኛ እኔ ነኝ» ሲል ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛም አለን፤ በሥራ ዘመኑ ሌላ የሚያስወራ ነገር አልሠራም። ሲት እንሺራሕ ከእነዚህ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ እሳቸው እውነታቸውን ነው። ደራሲው ተማሪ ሳለ ከሰገነታቸው ሥር ባለችው ክፍል ተከራይቶ ኖሯል። አፋቸውን ከነምላሱ ገልብጦ ተውኔት አደረገው።

በተውኔቱ ውስጥ አከራይቱ በገመድ የታሰረ ባዶ ቅርጫት ታወርድና ተከራዩን «ሙላው!» ትለዋለች። ምስኪኑ ሽንኩርት ይጨምራል፣ ሳሙና ይጨምራል፣ አንድ ጊዜማ ነፍስ ያለው ዳክዬ ጨመረ። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል።

ከተውኔቱ የተሠራው የመጀመሪያው ፊልም ሲመጣ መንደሩ አጅቧቸው ሲኒማ ገባ። አከራይቱ ሆና የተጫወተችው ሴት ፂም አላት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅርጫቱ ባዶውን ሲወርድ ሲት እንሺራሕ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ውሸት! የእኔ ቅርጫት ባዶውን ወርዶ አያውቅም!»

«ተቀመጪ ሴትዮ፣ ጋረድሽን!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ደግሞም በጫማ ሰው መትቼ አላውቅም!» አሉና ጫማቸውን ወረወሩበት።

ሁለተኛው ፊልም ዘፈን ተጨመረበት፤ አከራይቱ ቅርጫቷን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። «ከስሼ ካይሮን አንቀጠቅጣታለሁ!» አሉ ሲት እንሺራሕ። መክሰሱ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃ ለመሰብሰብ ብለው ፊልሙ ከከተማ እስኪወጣ ድረስ በየቀኑ ተመላለሱ። በመጨረሻ ዘፈኑን ልብስ ሲያሰጡ ያንጎራጉሩት ጀመር።

ዘንድሮ ሦስተኛው መጣ። የዚህኛው ዳይሬክተር ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ነው፤ አላህ ከተማረ ሰው ይሰውረን። ተከራዩን አጥርና ዘበኛ ባለው አዲስ ሰፈር፣ አሳንሰር ባለው ሕንፃ አስቀመጠው። አከራይ የለችም። ሰገነት የለም። ቅርጫቱማ ወሬው የለ፤ ምግብ በሞተር ብስክሌት ነው የሚመጣለት። መንደርተኛው ሸራውን ትቶ የሲት እንሺራሕን ፊት ያይ ነበር። አዲስ ሻርፕ አስረዋል። አንድ ጫማቸውን አስቀድመው አውልቀው፣ ጭናቸው ላይ አዘጋጅተው እስከ መጨረሻው ጠበቁ። መብራቱ ሲበራ ጎንበስ ብለው ተጫሙት።

«እህሳ፣ ሲት እንሺራሕ?» አላቸው ልብስ ተኳሹ ራምዚ።

«ምን እህሳ አለው? ይኼኛው እንኳ አልሰደበኝም።»

ከዚያ ወዲያ የሰገነቱ መዝጊያ አልተከፈተም። ድመቶች ደፈሩን። ሥር ያለችውን ክፍል የተከራየው የሙዚቃ አስተማሪ እንዳሻው ያፏጫል፤ ተው የሚለው የለም። ግን ቀን በቀን እየከሳ ሄደ። ለምን ቢሉ፣ ደራሲውም ዳይሬክተሮቹም ያልነገሯችሁ ነገር አለ። ያ ቅርጫት በእውነት ባዶውን ወርዶ አያውቅም። ስድቡ ከላይ ይንዶለዶላል፤ ቅርጫቱ በሩዝ የተሞላ ጥቅል ጎመን ይዞ ከስድቡ ጋር አብሮ ይወርዳል። «ብላ፣ አንተ የማትረባ! ሳህኑን ሳታጥብ መልስና ጉድህን ታያለህ!» ደራሲው ጥቅል ጎመኑን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ስድቡን ብቻ ጻፈ። ያንን ነበር አዛውንቷ በየሲኒማው ቆመው የሚጮኹት፤ እኛ ደግሞ እንስቅ ነበር።

አንድ አርብ ራምዚ ካውያውን አስቀምጦ መጣና፣ «ኡስታዝ፣» አለኝ ጋዜጠኛነቴን አክብሮ፣ «ሴትዮዋ ልትሞትብን ነው። ስድብ መቼም እንጀራህ ነው፤ ና ተሳደብልን።»

ከሰገነቱ ሥር ቆምኩና የተከራዩን ንግግር ከተውኔቱ ተወጣሁት። «አንቺ የሰገነት ፈርዖን! ገመድሽ ይበጠስ! ቅርጫትሽ በራስሽ ላይ ይደፋ!»



«ምነው ዜና የምታነብ አስመሰልከው?» አለ ራምዚ።

ደገምኩት። መዝጊያው ገርበብ አለ።

«እንደሱ አልነበረም ያ ተማሪ የሚለው» አለ ድምፅ ከላይ።

«እንዴት ነበር ታዲያ?»

«ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ርቦት ነዋ! አንተ ጠግበህ ነው የምትሰድበኝ።»

«አልጠገብኩም፣ ሲት እንሺራሕ።»

«ዝም በል፣ ውሸታም! እዚያች ክፍል የገባህ ዕለት የክብሪት እንጨት ታክል ነበር። ማን አወፈረህ? ጋዜጣህ?»

እኔ ለማመስገን የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ ግን እኔም ተከራይ ሆኜ ያቺ ክፍል ውስጥ ሁለት ክረምት በልቼ ያደርኩት በማን እንደሆነ ጉሮሮዬ ያውቃል።

«ቁሙ እዚያው!» አሉ። «ያ የሚያፏጨውንም ጥሩት፣ የማይረባ!»

ብዙ ቆየን። ከዚያ ገመዱ እየተንቀጠቀጠ መውረድ ጀመረ። ቅርጫቱ ከባድ ነበር፤ እንፋሎቱ ከእሱ ቀድሞ ደረሰን።

እንግዲህ አራተኛውን ፊልም ለመሥራት የምታስቡ፣ ወይም እንዲህ የሚያስብ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ሲት እንሺራሕን መልሷቸው። አስቀይሟቸው፣ ፂም አብቅሉላቸው፣ ብትፈልጉ አስጨፍሯቸው፤ የሚወረውሩትን ጫማ እኔ አቀብላቸዋለሁ። ብቻ ያ ቅርጫት ሲወርድ፣ እባካችሁ፣ ካሜራውን ትንሽ ጠጋ አድርጋችሁ ውስጡን አሳዩ፤ ባዶ አይደለም።