የልዑሉ ሰባት ቤት

ሰው ባልተጠራበት ሰርግ ላይ የሚያሳየውን ትጋት በተጠራበት ቢያሳይ ኖሮ ስንት ደጋሽ ከሐሜት በዳነ ነበር። እኛ ወረታዎች የሰርግ መኪና ጡሩንባ ከሰማን ሚዛን ላይ የተሰቀለ ሽንኩርት ጥለን አስፋልት ዳር እንወጣለን። ሙሽራዋን አናውቃትም፣ ሙሽራውንም አናውቀውም፤ ግን መኪናውን እንቆጥራለን፣ ሚዜዎቹን እናማርጣለን፣ "ቬሎው የኪራይ ነው" ብለን ፍርድ እንሰጥና ወደ ሽንኩርታችን እንመለሳለን። ማን ሾመን? ማንም። ግን ሥራው ሳይሠራ ሊቀር ነው?

መንገድ አላፊውን ሙሽራ እንዲህ የምንመረምር ሰዎች የንጉሥ ልጅ ሲያገባ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አይጠበቅም። ባሕር ማዶ፣ እስከ ዛሬ ንጉሥ ያለው አንድ አገር አለ። የዚያ አገር ልዑል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስት ሊያገባ ሆነ፤ በቴሌቪዥንም በቀጥታ ይተላለፋል ተባለ። የአገሩን ስም አልጠራም። የማልጠራው ረስቼው አይደለም፤ ምክንያት አለኝ፤ መጨረሻ ላይ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ወደ ልዑሉ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትርንጎ እባላለሁ። ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አላገባሁም። የጋብቻ ወረቀት ኮፒ ለማስደረግ የሚመጣ ሁሉ ወረቀቱን ከእጄ ሲቀበል "ያንችስ መቼ ነው?" ብሎ ይሄዳል። ስቄ እሸኛቸው ነበር። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ያስከፋኝ ነበር።

በኋላ ደሳለኝ መጣ። ደሳለኝ የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ የከብት ሐኪም። መጀመሪያ የመጣው የክትባት ቅጽ ሊያባዛ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ቅጽ ያባዛ ጀመር። በፎገራ ሜዳ ያሉት ላሞች ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢከተቡ እንኳ ያን ያህል ቅጽ እንደማያስፈልግ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሽማግሌ ላከ፤ ቤተሰቤ እሺ አለ፤ ሰርጉ ለጥር ተባለ። የቀረው ቆጠራው ብቻ ነበር።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የእሱ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ወደ ላይ፤ የእሷም እንዲሁ። ሰባት ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ድንኳኑ ተጥሎ ቢሆን እንኳ ይነቀላል። በአባቴ በኩል ተቆጥሮ ንጹሕ ሆነ። በእናቴ በኩል ያለውን የያዙት የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ መሪጌታ ናቸው። በአካባቢው ዘር በመቁጠር ከእሳቸው ጋር የሚከራከር የለም። ከደሳለኝ ወገን ሽማግሌዎች እሁድ ከአንበሳሜ መጥተው ቃላቸውን ሊሰሙ ቀጠሮ ይዘዋል።

ታዲያ ምን ያስፈራሻል ትሉኝ ይሆናል። ደሳለኝ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም በእጁ ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። እኔም ባለሙያ ነኝና በኮምፒዩተር አሳምሬ ስጽፍ፣ ከመጨረሻዎቹ ስሞች መካከል አንዷ ላይ ጣቴ ቆመ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የጣራ ገዳም ሰው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስለ ጣራ ገዳሟ ጥሩወርቅ ስታወራ ነው ያደግሁት። ስንተኛ ላይ እንደምትውል ግን አልቆጠርኩም። ቆጥሬ ካወቅሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ካልቆጠርኩ ግን ገና አላወቅሁም። በዚህ ዓይነት ብልሃት ሁለት ሳምንት ኖርኩ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ግን አልነበረኝም።

እንግዲህ የልዑሉ ሰርግ የመጣልኝ በዚህ መሐል ነው። አጎቴ ባሕር ዳር የሚሠራው ልጃቸው የገዛላቸው ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አላቸው። ሰርጉን እሳቸው ቤት እናያለን፤ ሙሽራዋ ስታለቅስ፣ ሕዝቡ ሲደሰት አጎቴ ልባቸው ይራራል፤ ያኔ ወረቀቴን ከቦርሳዬ አወጣለሁ። ይህ ነበር ዕቅዴ። ከዚህ የረቀቀ ሴራ በዚያ ቤተ መንግሥትም የተጠነሰሰ አይመስለኝም።

ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ሄድኩ። ሰብለ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ትተረጉማለች። እማዋይሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመጣችው ለቬሎው ነው። አጎቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጭራቸውን ይዘው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቆሎ ቀረበ። ሰርጉ ግን አልጀመረም፤ የንጉሥ ልጅም ሰርግ ለካ ሰዓት አያከብርም።

ሙሽራዋ ስትወጣ እማዋይሽ ዝም አለች። እማዋይሽ ዝም ስትል ሒሳብ ላይ ናት ማለት ነው። የቬሎው ጅራት ስንት ክንድ እንደሆነ በዓይኗ ለካች፤ ከዚያ ይህንን ማን ያጥበዋል አለች። በክረምት ከወረታ ወጣ ብሎ አንድ እርምጃ ቢራመዱበት የፎገራ ጭቃ ሙሽራዋን ከነጅራቷ ያስቀራት ነበር አለች። አጎቴ ደግሞ የከበዳቸው ሌላ ነው። ልጅቱ ከማን ወገን ናት ብለው ጠየቁ።

ሰብለ አሁን ይነግሩናል አለች፤ መቼ እንደምትዘጋው የማታውቀውን በር የከፈተችው ያኔ ነው። ሙሽራዋ በሠረገላ እስክትደርስ ጊዜ ለመሙላት የቴሌቪዥን ሰዎች የዘር ሐረግ አወጡ። ከላይ አንድ ጢማም ንጉሥ፤ ከእሱ በግራና በቀኝ መስመር እየተሰመረ ፎቶግራፎች ይወርዳሉ፤ በግራ ታች ልዑሉ፣ በቀኝ ታች ሙሽራዋ። ሁለቱም የዚህ ንጉሥ ዘር ናቸው፤ ዘመዳሞች ናቸው እያሉ ነው ብላ ሰብለ በፈገግታ ተረጎመች። ጋዜጠኞቹም ይስቁ ነበር።

አጎቴ አልሳቁም። ከተቀመጡበት ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሱና በጭራቸው እጀታ ሥዕሉን ይነኩ ጀመር። ሰብለ ልታግዛቸው ብላ ልዑሉን አንድ ብላ ጀመረች። አጎቴ እንደ ተማሪያቸው ዞረው አዩዋት። "ልዑሉ ራሱ አይቆጠርም፤ ቤት የሚቆጠር ከአባት ነው። ማን አስተማረሽ?" አሏት። እሷ መምህርት ናት፤ ግን አፏን ዘጋች። አጎቴ ከልዑሉ አባት ጀምረው ወደ ላይ ወጡ፤ ከሙሽራዋ አባት ጀምረውም ወጡ። ጢማሙ ንጉሥ በሁለቱም በኩል ስድስተኛ ላይ ዋለ።

"አልሞላም" አሉ። "ይህ ጋብቻ አይሆንም።"

እኔ የማየው ልዑሉን አልነበረም፤ ቦርሳዬን ነበር። ሰው የሚያራራ መድኃኒት ብዬ ያመጣሁት ነገር የሰውዬውን ልብ አደነደነብኝ።

ከዚህ በኋላ ሰርጉን ያየነው በሌላ ዓይን ነው። ሰዓቱ እስኪደርስ አንድ የሚያውቅ ሰው ይናገር ይሆን ወይ? በዚያ ሁሉ ባርኔጣ ሥር አንድ እንኳ ዘር ቆጣሪ ጠፋ? እማዋይሽ ኤምባሲያቸው ስልክ የለውም ወይ ብላ ጠየቀች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ጳጳሱ ከመንበሩ ፊት ቆሞ የሆነ ነገር በለሆሳስ ተናገረ፤ ሰብለም ሳታስበው ተረጎመችው። እነዚህ ሁለቱ እንዳይጋቡ የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር፤ አለዚያ እስከ ዘላለሙ ዝም ይበል ይላል አለች።

አጎቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "አለ" አሉ፣ ማኅሌት በለመደ ድምፃቸው። "ስድስት ቤት ናቸው።"

ቤታችን ጸጥ አለ፤ በቴሌቪዥኑም ውስጥ ጸጥ አለ። ያ ጳጳስ ቀና ብሎ ወደ እኛ ያየ መሰለኝ። ሁላችንም፣ እንግሊዝኛ የምታውቀዋ ሰብለ ሳትቀር፣ መልስ ጠበቅን። ጳጳሱ ግን ገጹን ገለጠና ቀጠለ።

አጎቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እኔ ተናግሬያለሁ፤ ካልሰሙ የራሳቸው ጉዳይ ነው አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ሕዝቡ ሩዝ በተነባቸው፤ ሌላ ቀን ቢሆን አጎቴ፣ የሩዝ አገር ሰው ናቸውና፣ የተፈለፈለ ነው ወይስ ከነገለባው ብለው ግማሽ ሰዓት ይጠይቁ ነበር። ያን ቀን ሩዙንም ዝም ብለው አዩት።

ሰብለ የቤቱ ዝምታ ስለከበዳት ጨዋታ ልትቀይር ብላ ነው፣ ክፋት የላትም፤ የትርንጎስ በእናቷ በኩል ተቆጥሮ አለቀ ወይ አለች። በዚያች ደቂቃ የሙሽራዋን ቬሎ ጅራት ብታውሱኝ ተጠቅልዬበት እደበቅ ነበር።

አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ወረዱ። አንድ እጅ ሞላ። ከሁለተኛው እጅ አውራ ጣቱ ብቻ ታጠፈና ቆመ። "ይች ጥሩወርቅ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የጣራ ገዳሟ ናት?"

ነች አልኩ። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን እሳቸውን መዋሸት አልችልም።

በቴሌቪዥኑ ልዑሉና ሚስቱ ሰገነት ላይ ወጥተው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አጎቴ እነሱን አዩ፤ የታጠፈች አውራ ጣታቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ። የሚያውቁትን ነው የጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሰውየው እንዴት ያለ ነው አሉኝ። በዚያ ክረምት ሜዳው በጎርፍ ሲሞላ ለአንዲት ባልቴት ላም ምጥ ብሎ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንዳደረ ነገርኳቸው። ከዚያም ለአጎት የማይባለውን አልኩ። እወደዋለሁ አልኳቸው።

አጎቴ እጃቸውን ከፈቱ፤ የታጠፉት ጣቶች ሁሉ ተዘረጉ። እንደገና አውራ ጣታቸውን ያዙ፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ።

"አንች አንድ" አሉ።

ሰብለ ቀና አለች።

"እናትሽ ሁለት። አባታችን ሦስት። አያታችን አራት።" እያሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ እያንዳንዱን ጣት እያስከበሩ ሄዱ። "ጥሩወርቅ ሰባት።" ከዚያ በደሳለኝ በኩል፣ ከደሳለኝ ከራሱ ጀምረው፤ ሰባት። "ሞልቷል" አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

እማዋይሽ እልልታዋን ለቀቀችው። ሰብለ ግን አፏን ከፍታ ቀርታለች። ልዑሉን አንድ ብላ ስትጀምር የተገሠጸችው እሷ ናት፤ መምህርት ናትና የቆጠራ ስሕተት ስታይ ዝም ማለት አይሆንላትም። አየኋት። የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር፣ አለዚያ እስከ ዘላለሙ ዝም ይበል የሚለውን ራሷ ናት የተረጎመችው። ለአንድ አፍታ አሰበች። ከዚያ ከእማዋይሽ የረዘመ እልልታ አወጣች። ያን እልልታዋን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አጎቴ ሰባት ነው አሏቸው፤ እሳቸውን ማን ይጠይቃል? በጥር ተጋባን። ደሳለኝ አሁንም ቅጽ ሊያባዛ ይመጣል፤ አሁን ግን የሚያባዛው እውነተኛ ቅጽ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። እንደኔ ከተቆጠረ ልዑሉም ንጹሕ ነው። ራሱን አንድ ብሎ ቢጀምር ጢማሙ ንጉሥ ሰባተኛ ላይ ነው የሚውለው። ንጹሑን ሰው በሰርጉ ቀን፣ በአምላኩ ፊት፣ በሙሉ ድምፅ ተቃውመነዋል። ይቅርታ ይገባዋል። ኮምፒዩተሩም ፖስታውም ከእኔ፣ እንግሊዝኛው ከሰብለ ሆኖ አንድ ቀን ተቀመጥን። "ጉዳዩ፦ በጋብቻዎ ዕለት ከወረታ የቀረበውን ተቃውሞ ስለ ማንሣት" ብለን ጀመርን። እስከዚህ ያምራል። ከዚህ በኋላ ግን ተቃውሞው የተነሣበትን ምክንያት መጻፍ አለ። ምክንያቱን ስንጽፍ ደግሞ አቆጣጠሩ መቼ፣ ለማን ሲባል እንደተለወጠ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ግራ ቢገባን ለአጎቴ ደብዳቤውን ወስደን አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ጭራቸውን አንዴ አወዛወዙና ተዉት ልጆቼ አሉን፤ ቤተ መንግሥቱ ያኔም አልሰማንም፣ አንበሳሜ ግን ቅርብ ነው።