የዶኛ ካሲልዳ ቀኝ ዓይንና ግራ ዓይን

የዓይን ሞራ የተገፈፈለት ሰው ሁሉ ፋሻው በወረደ ማግስት ግማሽ ሐኪም ይሆናል። ሁለቱ ዓይኖቹ በሁለት ዓይነት ሌንስ የተሠሩለት ደግሞ ሙሉ ፕሮፌሰር ነው። በፓራጓይዋ ከተማ በኢታውጉዋ፣ የእኛ ሰፈር ፕሮፌሰር ክብርት ዶኛ ካሲልዳ ናቸው።

ነገሩን ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ሞራው ሲወጣ በቦታው ትንሽ ሌንስ ይገባል። ተራው ሌንስ ብርሃኑን ሁሉ ለአንድ ርቀት ይሰጣል፤ እዚያ ላይ ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ለሌላው ርቀት መነጽር ያሻል። ባለብዙ ርቀቱ ግን ያንኑ ብርሃን ለቅርቡም፣ ለመካከሉም፣ ለሩቁም ያካፍላል። አንድ ዋንጫ ቴሬሬ ለሦስት ሰው እንደ ማዳረስ ነው፤ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ጠግቦ የሚጠጣ ግን የለም። ድንቅ አይደል? የዶኛ ካሲልዳ ቀኝ ዓይን በተራው ሌንስ፣ ለሩቅ ተሠራ። ከዓመት በኋላ ግራው ባለብዙ ርቀቱ ደረሰው።

ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ሰላም የለውም። "ያ የሚመጣው አውቶቡስ የአሱንሲዮን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው፣ "በየትኛው ዓይኔ ልይላችሁ?" ይላሉ። አንዱን በመዳፋቸው ከድነው፣ ቀጥሎ ሌላውን ከድነው ውጤቱን እስኪያውጁ አውቶቡሱ ያልፋል። በቅዳሴ መካከል ሳይቀር፣ "ቄሱ በቀኜ ወፍረዋል፤ በግራዬ ደግሞ ሻማቸው የብርሃን አክሊል ደፍቷል" ብለው ጮክ ብለው ዘግበዋል። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ሙሽራው ሲንበረከክ፣ ከጫማው ሶል ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት ያነበቡት በግራቸው ነው። "ያለ መነጽር!" አሉ፤ "በቅናሽ ነው የገዛው!"

"ዶኛ ካሲልዳ፣ አፍዎም ባለብዙ ርቀት ነው" ይላቸዋል ባለሱቁ ዶን ሲንፎሮሶ፣ ከደጃፉ አግዳሚ ላይ ሲሰየሙ።

"ዝም በል አንተ! መነጽር አድርገህም የራስህ ሚዛን አይታይህም።"

ፍርዳቸው ግን ሁሌም አንድ ነው፤ "ግራዬ ንግሥት ናት፣ ቀኜ ገረዷ።"

ቀልዱ የቆመው የእህቴ የሌዮናርዳ ተራ ሲደርስ ነው። ሌዮናርዳ የሸረሪት ድር የመሰለውን ኛንዱቲ ዳንቴል ትሠራለች፤ ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ። ሌላ ሙያ የላትም። የትኛው ሌንስ እንዲገባላት በማግስቱ ለሐኪሙ መንገር ነበረባት። እሱ የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት በደንብ አስረድቷታል፤ እሷ ግን ምስክር ፈለገች። ምሽቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወደ ሱቁ ደጃፍ መጥታ የጀመረችውን ሥራ ዶኛ ካሲልዳ ጭን ላይ ዘረጋችው።

"ካሲልዳ፣ እንደ ግራሽ ላድርገው?"

አግዳሚው ሁሉ የተለመደውን አዋጅ ጠበቀ። ዶኛ ካሲልዳ ቀኛቸውን ከደኑ። ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

"ይቅርብሽ" አሉ በመጨረሻ። "ጋዜጣ ያስነብበኛል፣ ስልኬን ያሳየኛል፤ እውነት ነው። በዚህ ብርሃን ግን ክርሽ ወተት ላይ የፈሰሰ ወተት ሆነብኝ። የቱ ጨርቅ፣ የቱ ክር እንደሆነ አልለየሁም። ተራውን ይሁን በይው። እንደ ቀኜ ለሩቅ ሳይሆን፣ ዳንቴልሽን ለምትይዢበት ርቀት ይሥራልሽ። ለመንገዱ መነጽር ታደርጊያለሽ።"

"ታዲያ ንግሥቲቱስ?" አለ ዶን ሲንፎሮሶ።

"ከዙፋኗ ወረደች። ደስ ይበልህ!"

ስንት ጊዜ የገነቡትን ዝና ለእህቴ ጣቶች ሲሉ በአንድ ምሽት አፈረሱት። እኔም ከርቀት ሳያቸው መንገድ ስቀይርባቸው የኖርኩትን ሴትዮ ያን ዕለት እጅ ነሳሁ።

የሌዮናርዳ ፋሻ የወረደ ቀን፣ ዳንቴሏን አንስታ አንዲቱን ክር በጣቷ እየተከተለች እስከ ዳር ደረሰች። ዶኛ ካሲልዳ ከሁላችን ቀድመው ፊቷ ላይ ተደቅነዋል።

"እኔስ? እታይሻለሁ?"

"ከነሽብሽብሽ፣ ቁልጭ ብለሽ!"

"አዬ!" አሉ ዶኛ ካሲልዳ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፤ "ሐኪሙስ አበዛው!"